ፕሮቶን ወይስ ኤክስሬይ? 450 ወንዶች የመለሱት ጥያቄ

ሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የጨረር ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ዋሽንግተን ዲሲ ላይ አደረገ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከቀረቡት ጥናቶች አንዱን የሙያው ሰዎች ለዓመታት ሲጠብቁት ኖረዋል። ስሙ ፓርቲኮል ይባላል። የመሩት በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪም የሆኑት ዶክተር ጄሰን ኤፍስታቲዩ ናቸው። ጥያቄው ለመናገር ቀላል ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው በፕሮቶን ጨረር (ፕሮቶን በአቶም ውስጥ ያለ ትንሽ ቅንጣት ነው) ሲታከም፣ በዘመናዊ ኤክስሬይ ከታከመው ሰው ይልቅ አንጀቱ ደህና ይሆናል ወይ?

ይህን ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። መልሱም ከማሽን ወይም ከላቦራቶሪ አልመጣም። የመጣው ታካሚዎቹ ራሳቸው በየጊዜው ከሞሉት መጠይቅ ነው። የጎንዮሽ ጉዳትን መከታተል ሲባል ብዙዎቻችን ነርሷ ፋይል ላይ የምትጭረውን ማስታወሻ ነው የምናስበው። እዚህ ግን ክትትሉን ብታወጡት ጥናት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊዚክስ ነው። በ1946 ሮበርት ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ፕሮቶን ለካንሰር ሕክምና ሊውል እንደሚችል ጻፈ። በ1954 በርክሊ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ ፕሮቶን ተሰጠው። ለብዙ ዓመታት ሕክምናው የሚካሄደው ለፊዚክስ ምርምር በተሠሩ ማሽኖች ነበር። በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ለታካሚ ተብሎ የተተከለው የመጀመሪያው ማዕከል በ1990 ተከፈተ፤ እሱም ካሊፎርኒያ ያለው ሎማ ሊንዳ ነው።

ኤክስሬይ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በመንገዱ ሁሉ ጉልበቱን እየጣለ ይሄዳል። ካንሰሩን አልፎ በሌላው ወገን ይወጣል። ፕሮቶን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ኤክስሬይን በየፌርማታው ሰው እያወረደ እንደሚሄድ አውቶቡስ ብናየው፣ ፕሮቶን አብዛኛውን ተሳፋሪ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አራግፎ እዚያው ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው አካል ጨረር አይደርሰውም ለማለት ይቻላል።

ፕሮስቴት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ይመስላል። ከፊኛ ሥር ነው ያለው። ከኋላው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ተጠግቶታል። በጨረር የታከመ ሰው በኋላ የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ጎረቤቶች የተነሳ ነው። ሰገራ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ለመያዝ ያስቸግራል። ደም ይታያል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሲታይ ፕሮቶን ማሸነፍ አለበት። የጨረሩን ሥርጭት በቀለም የሚያሳየውን የኮምፒውተር ሥዕል ያየ ሁሉ፣ የፕሮቶኑ ሥዕል ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሥዕል ግን ታካሚ አይደለም።

ሥዕሉ ግን ገንዘብ አስወጥቷል። ብዙ የሕክምና ክፍሎች ያሉት የፕሮቶን ማዕከል ለመገንባት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ይህን ያህል ያወጣ ሆስፒታል አልጋው ባዶ ሊሆንበት አይፈልግም። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ በሽተኛው ብዙ ነው። ሜዲኬር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2013 የወጣ አንድ ጥናት፣ ለአንድ የፕሮስቴት ታካሚ የሚከፈለው መካከለኛ ዋጋ በፕሮቶን 32,428 ዶላር፣ በኤክስሬይ 18,575 ዶላር መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ታዲያ ከፋዩ «ምን አገኘሁበት?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ያን ጊዜ መልስ ለመስጠት የሞከሩት ሰዎች በእጃቸው የነበረው የክፍያ መዝገብ ነው። በ2012 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሜዲኬርን ፋይል አገላበጡ። ያገኙት ያልተጠበቀ ነበር። 100 ታካሚዎችን ለአንድ ዓመት እንደመከታተል ቢሰላ፣ የአንጀት ችግር የተመዘገበው ኤክስሬይ በወሰዱት 12.2 ጊዜ፣ ፕሮቶን በወሰዱት 17.8 ጊዜ ሆነ። ያሸንፋል የተባለው ጭራሽ ከኋላ ቀረ! ከላይ የጠቀስኩት የ2013ቱ ጥናት በበኩሉ ሽንትን ሲመለከት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ፕሮቶን ትንሽ የተሻለ ሆኖ አገኘው። 5.9 ከመቶ ለ9.5 ከመቶ። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

የፕሮቶን ሰዎች ዝም አላሉም፤ ክርክራቸውም ውኃ የሚያነሳ ነበር። የክፍያ መዝገብ የሚያውቀው ሐኪም ቤት የተሠራውንና ሒሳብ የተጠየቀበትን ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው አንጀቱ በካሜራ ከታየ ይመዘገባል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ መሄድ የተወ ሰው ግን የትም አይመዘገብም። በዚያ ላይ ፕሮቶን ፍለጋ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የተማረ፣ ገንዘብ ያለው፣ ትንሽ ሲሰማው ሐኪም ጋ የሚሮጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌላው ጋር በመዝገብ ብቻ ማወዳደር አያስተማምንም።

ፓርቲኮል ታካሚ መቀበል የጀመረው እዚሁ ክርክር መሃል፣ በ2012 ነው። መንገዱ ሁለት ነገር አጣመረ። አንደኛ፣ ማን ፕሮቶን ማን ኤክስሬይ እንደሚወስድ በዕጣ ተወሰነ። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሚለካው በታካሚው ቃል ሆነ።

ዕጣው ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ጣጣ አለው። የፕሮቶን ማዕከል ደጃፍ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡን ፕሮቶን ላይ ጥሎ ነው የሚመጣው። «ዕጣ ይወጣልሃል» ሲባል ይቅርብኝ ይላል። ፈቃደኛ የሆነውን ደግሞ የግል ኢንሹራንሱ ለፕሮቶን አልከፍልም ሊለው ይችላል። 450 ሰው ለመሙላት እስከ 2021 መጠበቅ ያስፈለገው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዓመት ሲካፈል ሃምሳ ሰው እንኳ በጭንቅ ይሆናል፤ ያውም በሽታው በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ወንዶች በሚያዙበት አገር። ተሳታፊዎቹ ካንሰራቸው ከፕሮስቴት ያልወጣ፣ ስጋቱም ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ የተባለ ነው።

አሁን ወደ መጠይቁ። ስሙ ኤፒክ ነው፤ የተሠራው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን በ2000 ታትሞ ወጣ። ስለ ሽንት፣ ስለ አንጀት፣ ስለ ወሲብና ስለ ሆርሞን ይጠይቃል፤ ሁሉም ስላለፉት 4 ሳምንታት ነው። 26 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት አጭር ቅጂም አለው። በአጭሩ ቅጂ የአንጀት ጥያቄዎች ስድስት ናቸው። ሰገራ በድንገት ማጣደፉ፣ ቶሎ ቶሎ መምጣቱ፣ ሳይታሰብ ማምለጡ፣ ደም መኖሩ፣ የሆድ ወይም የፊንጢጣ ሕመም፣ በመጨረሻም በጥቅሉ ምን ያህል እንዳስቸገረው። መልሱ ከ«ምንም ችግር የለም» ተነስቶ በ«በጣም ትንሽ»፣ «ትንሽ»፣ «መካከለኛ» በኩል «ትልቅ ችግር» ላይ ያበቃል። እያንዳንዱ መልስ ወደ ነጥብ ይለወጣል፦ 100፣ 75፣ 50፣ 25፣ 0። አማካዩ የሰውየው የአንጀት ነጥብ ነው።

ሒሳቡን አንዴ ሠርቶ ማየት ይጠቅማል። አምስቱን ጥያቄ «ምንም ችግር የለም» ብሎ፣ ማጣደፉን ብቻ «ትንሽ ችግር» ያለ ሰው ነጥቡ 91.7 ነው። ሦስቱን «ትልቅ»፣ ሦስቱን «መካከለኛ» ያለ ሰው 12.5 ላይ ይወርዳል። በዚህ መለኪያ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ በአንጀት ነጥብ ከ4 እስከ 6 የሚሆን ለውጥ ሲመጣ ነው ሰውየው ራሱ ልዩነቱ የሚታወቀው ይላሉ። ከዚያ በታች ያለው በቁጥር ይታያል እንጂ በኑሮ አይታይም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን መጠይቁ ሕክምናው ሳይጀመር መሞላቱን ነው። ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ጨረር ሳይነካው ጀምሮ አንጀቱ መቶ በመቶ ላይሆን ይችላል። ኪንታሮት ያለበት አለ፣ የሆድ ድርቀት ያለበት አለ፣ ለስኳር በሚወስደው መድኃኒት ሆዱ የሚላላም አለ። መነሻው ካልታወቀ ይህ ሁሉ በኋላ በጨረሩ ይሳበባል።

ዋናው መለኪያ የ24 ወር ነጥብ እንዲሆን የተወሰነውም በምክንያት ነው። የጨረር ጉዳት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዱ በሕክምናው ሳምንታት ይጀምርና ካበቃ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። ሁለተኛው ዘግይቶ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። በአንጀት ግድግዳ ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች ተጎድተው በቀላሉ የሚደሙት ያኔ ነው። ሕክምናው ባለቀ በሦስተኛው ወር ጠይቆ «ደህና ነው» ብሎ ፋይል የሚዘጋ ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

እንግዲህ ውጤቱ። በ24 ወር ላይ በፕሮቶንና በኤክስሬይ መካከል የአንጀት ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ቡድኖች ከ93 ተኩል ገደማ ተነስተው 92 ገደማ ላይ አረፉ። የቀነሰው ወደ ሁለት ነጥብ ነው፤ ከላይ ካልኩት ከ4 እስከ 6 በታች። በሽንትና በወሲብም የሚነገር ልዩነት አልታየም። ካንሰሩን በመቆጣጠርም እኩል ናቸው። በአምስት ዓመት በሽታው ሳይገፋ የቆዩት በሁለቱም ወገን ከ93 ከመቶ በላይ ነበሩ።

ይህን ሲሰሙ «ፕሮቶን ከንቱ ነው» ያሉ ነበሩ። እኔ እንዲህ አላነበውም። ሁለት ነጥብ ብቻ መውረድ ማለት ዘመናዊው ኤክስሬይም በጣም ጎበዝ ሆኗል ማለት ነው። ፕሮቶን የተነደፈው የድሮውን፣ ሰፊ ቦታ የሚያቃጥለውን ጨረር ለማሸነፍ ነበር። እሱ እስኪዘጋጅ ተፎካካሪው አልተኛም። ከብዙ አቅጣጫ እየመጣ መጠኑን እንደ ዕጢው ቅርጽ የሚያስተካክል ኤክስሬይ ተሠራ። በየቀኑ ከሕክምናው በፊት ፎቶ አንስቶ ቦታን ማረጋገጥ ተለመደ። በፕሮስቴትና በአንጀት መካከል ተወግቶ ሁለቱን የሚያራርቅ ጄልም መጣ። በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2015 ነው፤ ከወራት በኋላ በራሱ ሟሙቶ ይጠፋል።

ያ የሚያምረው የፕሮቶን ሥዕል ለምን አልሠራም የሚለው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ፕሮቶን የሚቆምበት ቦታ ይታወቃል ስንል፣ በሚሊሜትር ደረጃ ስናወራ እንደዚያ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የአጥንት፣ የሥጋና የጋዝ መጠን ትንሽ ሲለዋወጥ መቆሚያው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጨረሩን ከፊት ልኮ ልክ አንጀቱ ጫፍ ላይ አቁመዋለሁ ብሎ የሚደፍር ባለሙያ አይገኝም። ቢሳሳት ከፍተኛው ጉልበት የሚያርፈው አንጀቱ ላይ ነው። በተለምዶ የሚላከው ከግራና ከቀኝ፣ በዳሌ አጥንት በኩል ነው። በዚህ አቅጣጫ ደግሞ አንጀቱን የሚጠብቀው የጨረሩ ጎን እንጂ መቆሚያው አይደለም። ፕሮቶን ረጅም መንገድ ሲጓዝ እየተበተነ ይሄዳል፤ ጎኑ ይደበዝዛል። እንዲያም ሆኖ ከፕሮስቴት ጋር የተጣበቀው የአንጀት የፊት ግድግዳ በሁለቱም ሕክምና ከፍተኛ መጠን ይደርሰዋል። ካንሰሩ ከዚያ አጠገብ ስላለ ማምለጫ የለውም። መድማትን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው ይሄ ከፍተኛው መጠን ነው። ፕሮቶን የሚቀንሰው በዙሪያው የሚረጨውን ዝቅተኛና መካከለኛ መጠን ነው፤ ያንን ደግሞ የታካሚው አንጀት ብዙም አላማረረበትም ነበር።

አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ታካሚዎቹ የትኛውን እንደወሰዱ ያውቃሉ። ፕሮቶን የደረሰው ሰው ተደስቶ ነጥቡን ከፍ አያደርግም? ዕጣው ኤክስሬይ ላይ የጣለው አኩርፎ ዝቅ አያደርግም? ያደርግ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም አድልዎ የሚያግዘው ፕሮቶንን ነው። በዚያ ሁሉ እገዛ እንኳ ልዩነት ካልታየ፣ ውጤቱ የበለጠ ይታመናል እንጂ አይጠረጠርም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ አማካይ የሚባለው ነገር ነው። አሥር ሰዎች እናስብ። ሁሉም 92 ገደማ ቢያገኙ አማካዩ 92 ነው። ዘጠኙ 100 ሆነው አንዱ 20 ላይ ቢወድቅም አማካዩ ያው 92 ነው። የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ የሚታመም ሰው የለም። በሁለተኛው ውስጥ አንድ ሰው ከቤት መውጣት አቁሟል። እንደዚህ ያለ ጥናት ሲቀርብላችሁ አማካዩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ነጥባቸው ክፉኛ የወረደው ሰዎች ስንት ከመቶ ናቸው ብላችሁ ጠይቁ።

ከኛ ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የፕሮቶን ማሽን የለም። የጨረር ሕክምና ራሱ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1997 በኮባልት ማሽን ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ሐበሻ ግን ምርጫው ከደጁ ነው። ከተማው ውስጥ ብቻ ጆርጅታውን ከ2018፣ ሲብሊ ሆስፒታል ከ2019 ጀምሮ ፕሮቶን ይሰጣሉ። እና እዚያ አንድ የማውቀው ጣጣ አለ። አባት እንግሊዝኛ አይቀናቸውም፤ ልጅ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ስለ ሰገራና ስለ ወሲብ ይጠይቃል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «አባዬ፣ ሆድህ እንዴት ነው ይላል» ትላለች። አባት ምን ሊሉ ነው? «ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ፋይሉ ላይ «ችግር የለም» ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ መጠይቅ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ፊት የማይነገረውን ሰው ወረቀት ላይ ምልክት ያደርግበታል። በአማርኛ ተነቦለት፣ ልጁ ከክፍሉ ወጥቶ፣ በሙያተኛ አስተርጓሚ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይናገራል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከሐኪም የሚደብቁት አላቸው። ሐኪሞች በየፋይሉ የሚጽፉት የጉዳት ደረጃ ታካሚው ራሱ ከሚለው ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ቆይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ታካሚው ራሱ የሚሞላው፣ 78 ምልክቶችን የሚጠይቅ መለኪያ ያዘጋጀው ለዚህ ነው።

መልሱን ሰብስቦ ማስቀመጥና መልሱን አይቶ ስልክ መደወል ግን ይለያያሉ። ኒው ዮርክ ባለው የካንሰር ሆስፒታል፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ፣ 766 ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ምልክቶቹን በኮምፒውተር እየሞላ ላከ፤ ሲብስበት ለነርስ ማሳወቂያ ይደርሳታል። በ2017 የወጣው ውጤት፣ እነዚህ ሰዎች የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር፣ በተለመደው ክትትል የቆዩት ደግሞ 26 ወር መሆኑን አሳየ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረላቸውም።

የፓርቲኮልን ውጤት ይዞ ሌላ ካንሰር ላይ መፍረድ ግን አይቻልም። ገና በሚያድግ ልጅ አንጎል ላይ፣ ያ ዝቅተኛ የሚባለው ጨረር ራሱ ብዙ ነው። በ2024 ደግሞ ቴክሳስ ያለው የካንሰር ማዕከል ኤምዲ አንደርሰን የመራው፣ 440 የጉሮሮ ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ የከፈለ ጥናት ቀርቧል። ካንሰሩን በመቆጣጠር ፕሮቶን ከኤክስሬይ አላነሰም። መዋጥ አቅቷቸው በቱቦ መመገብ ያስፈለጋቸው ግን በኤክስሬይ 42 ከመቶ፣ በፕሮቶን 28 ከመቶ ነበሩ።